የእናቴ ንቅሳትና አንዲት መስመር ትእዛዝ

ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ ቤታችን ይደርስ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ፎቶ መላክ ማለት ከአቦል እስከ በረካ መቀመጥ ማለት ነበር፡፡ አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ የእናታችንን ፎቶዎች ሁሉ ላክልኝ ብላ ያዘችኝ፡፡ ስካን አድርጌ ያስቀመጥኳቸው ከመቶ ይበልጣሉ፡፡ አንድ የሰፈራችን ልጅ መከራዬን አይቶ ‹‹ጋሼ፣ አንድ በአንድ ምን ያለፋዎታል? በአንዲት መስመር ሁሉንም እናሳንሳቸው የለ!›› አለኝ፡፡ ጥቁር መስኮት ከፍቶ፣ ማውሱን ሳይነካ፣ ስፋታቸው 400፣ ጥራታቸው 40 ይሁን ብሎ አዘዘ፡፡ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ፡፡ መረቅኩት፡፡

ያችን መስመር የሚፈጽመው ፕሮግራም ኢሜጅማጂክ ይባላል፡፡ ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1987 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ነው፡፡ ጆን ክሪስቲ የተባለ ባለሙያ፣ ሚሊዮን ቀለም ያለውን ምስል 256 ቀለም ብቻ በሚችል ስክሪን ላይ እንዲያሳይ ተጠየቀና ሠራው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 ኩባንያው ፈቅዶለት ለዓለም በነፃ ለቀቀው፡፡ (ናይሎንን ያወጣ ኩባንያ ይህን ያህል ለጋስ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም ነበር፡፡)

ፎቶን የማመቁ ጥበብ ግን ከዚያ ይቀድማል፡፡ ህንድ ተወልዶ አሜሪካ ያስተምር የነበረው ናስር አህመድ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሐሳቡን ይዞ የአገሪቱን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ጠየቀ፡፡ አልሰጡትም፡፡ እሱም አልተወውም፤ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ጄፔግ የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነው፡፡ ምስሉን 64፣ 64 ነጥብ ባላቸው ካሬዎች ይከፍልና እያንዳንዱን ካሬ የዝግተኛና የፈጣን ሞገዶች ድምር ያደርገዋል፡፡ ዓይናችን ዝግተኛውን፣ ከግንባር ወደ ጉንጭ ቀስ እያለ የሚወርደውን ጥላ በደንብ ይለያል፡፡ ጥቃቅኑንና ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን ግን ብዙም አያስተውልም፡፡ ስለዚህ እሱ ይጣላል፡፡ ወንፊት ነው በሉት፡፡ ብቻ ገለባው የቱ እንደሆነ የሚወሰነው በሰው ዓይን ጠባይ በጥቅሉ ነው፤ የልጅ ዓይን እናቱ ላይ ምን እንደሚፈልግ ጄፔግ አያውቅም፡፡ ማሳነስ ደግሞ ይብሳል፡፡ 2000 ነጥብ ስፋት የነበረው 400 ሲሆን፣ ከ25 ነጥብ የሚተርፈው አንድ ነው፡፡

ለእናታችን ሙት ዓመት እህቴ መጣችና አንዷን ፎቶ አሳድገን ግድግዳ ላይ እንስቀል አለች፡፡ አሳተምነው፡፡ ፊቷ አለ፣ ነጠላዋ አለ፡፡ የአንገቷ ንቅሳት የለም፤ በቦታው ግራጫ ካሬዎች ተደርድረዋል፡፡ ትልቁን ፋይል ፍለጋ ብገባ እሱም የለም፡፡ ለካ ኢሜጅማጂክ ለዚህ ሥራ ሁለት ቃል ነበረው፤ ‹‹ኮንቨርት›› ሲሉት አዲስ ቅጂ ለብቻው ያወጣል፣ ‹‹ሞግሪፋይ›› ሲሉት በነባሩ ላይ ይጽፍበታል፡፡ ልጁ የጻፈው ሁለተኛውን ነው፡፡ ብዙ ፋይል ባንዴ ለመጨረስ የሚቀለው እሱ ነውና አልፈርድበትም፤ መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጥ ያላልኩት እኔ ነኝ፡፡ ወረቀቱስ እንዳትሉኝ፣ ያዋሰችን አክስታችን ቤት ስትቀይር ጠፍቶባታል፡፡

ፎቶው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፡፡ እህቴ ንቅሳቱ አምስት መስመር ነበር ትላለች፤ እኔ የማስታውሰው ስድስት ነው፡፡