የወይጦ ውሃና የጨው ባሕር ምስክርነት

ቴሌኪና ፎን ሄነል እ.ኤ.አ. በ1888 የወይጦ ወንዝ ወደሚያበቃበት ሐይቅ ደርሰው «ስቴፋኒ» አሉት። ጨው ባሕር የምንለው ይህ ስፍራ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የጨው ሜዳ ነው። ሆኖም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 280 ሜትር ገደማ ቆፍረው ያወጡት ደለል፥ ሐይቁ በጥንት ዘመናትም ደጋግሞ መሙላቱንና መድረቁን ስለሚመሰክር፥ መጉደሉን ሁሉ በሰው ማሳበብ አይገባንም። የምድር ውስጥ ውሃ ግን እንደ ሐይቅ ለዓይን አይታይም። ሐመሮች በበጋ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውሃ ይቀዳሉ፤ የጉድጓዱ ጥልቀት መለኪያችን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሽማግሌዎችን ጠይቀን ጥልቀቱን ከነዓመቱ እንመዝግብ እንላለን፤ መዝገብ ከሌለ የሰማይን ድርቅ ከሰው አብዝቶ መቅዳት ለይቶ መፍረድ አይቻልምና።