የካፋ ነገሥታት መቀመጫዎችና የጥንታዊው መከላከያ ጉድጓድ ቅሪቶች

በኢትዮጵያ ታሪካዊ ሕንፃና የጦር ምሽግ ሲነሳ በአብዛኛው የሚታሰቡት በድንጋይና በኖራ የታነጹ ቤተ መንግሥቶችና ግንቦች ናቸው። በካፋ ዞን የሚገኙት የቀድሞው የካፋ መንግሥት ቅሪቶች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። የነገሥታቱ አዳራሾች በእንጨት፣ በቀርከሃና በሣር የተሠሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ ዋነኛ ምሽግም ከመሬት ላይ የተገነባ ሳይሆን ወደ መሬት የተቆፈረ ነበር። በዚህም ምክንያት የቀሩት አሻራዎች በቀላሉ ለዓይን አይገለጹም፤ ሳይታወቁ የመጥፋት አደጋም ያንዣበበባቸው ናቸው።

መገኛ

የካፋ ዞን የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲሆን ዋና ከተማው ቦንጋ ነው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። አካባቢው በጥቅጥቅ ደንና በዱር ቡና የታወቀ ሲሆን፣ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በስተሰሜን ከጅማ አቅጣጫ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ካፋ የሚገባው የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ነው። ይህ ወንዝ ለዘመናት የካፋ መንግሥት የተፈጥሮ ድንበር ሆኖ አገልግሏል።

የነገሥታቱ መቀመጫዎች

የካፋ መንግሥት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተመሠረተ ይነገራል። ንጉሡ «ታቶ» በሚል ማዕረግ የሚጠራ ሲሆን፣ አገሩን የሚያስተዳድረው «ሚክሬቾ» ከሚባለው የአማካሪዎች ጉባኤ ጋር ነበር። ከመንግሥቱ መቀመጫዎች መካከል ቦንጋና አንድራቻ ዋነኞቹ ናቸው።

ቦንጋ የቤተ መንግሥት ስፍራ ብቻ ሳትሆን ታላቅ የንግድ ማዕከልም ነበረች። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ማር ከዚህ ተነሥተው በነጋዴዎች አማካይነት ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843፣ የካቶሊክ ሚስዮናዊው ጉሊዬልሞ ማሳያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ መድረሳቸው የንግድ መስመሩ ምን ያህል የታወቀ እንደነበር ያመለክታል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 በአካባቢው ተገኝቶ ስለ ሕዝቡ ባህል፣ ስለ መንግሥቱ አወቃቀርና ስለ ጦርነቱ ታሪክ የሰበሰበውን መረጃ ቆይቶ በሁለት ጥራዝ አሳትሟል። ቢበር የደረሰው መንግሥቱ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመሆኑ የቀድሞውን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን ለማነጋገር ችሏል።

የመከላከያው ጉድጓድና ኬላዎቹ

ካፋ ራሱን የጠበቀው ተፈጥሮንና የሰው ጉልበትን በማጣመር ነው። ደን፣ ወንዝና ገደል በሌለበት የድንበር ክፍል በካፊኖኖ ቋንቋ «ሂሪዮ» የሚባል ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። ጉድጓዱ በእንጨት አጥር የተጠናከረ ሲሆን፣ ቁፋሮውና እድሳቱ የሚከናወነው በነዋሪው የጋራ ጉልበት ነበር። መግቢያና መውጫ የሚቻለው ዘብ በቆመባቸው ኬላዎች ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ በኬላው ፈቃድ ሳያገኝ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ ጉድጓዱ የጦር ምሽግ ብቻ ሳይሆን የንግድ መቆጣጠሪያም ነበር።

ተመሳሳይ አስተሳሰብ በአጎራባቹ ዳውሮም ይታያል። በዳውሮ የሚገኘው የንጉሥ ሃላላ ካብ ለመከላከያ ተብሎ በደረቅ ድንጋይ የተካበ ረጅም ግንብ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ በድንጋይ፣ ሌላው በአፈር ድንበራቸውን አጥረዋል። ሆኖም የድንጋዩ ካብ ለጎብኚ በግልጽ ሲታይ የአፈሩ ጉድጓድ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ይገኛል።

የ1889 ዓ.ም. ዘመቻና ከዚያ በኋላ

በ1889 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር ወደ ካፋ ዘመተ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ሠራዊትም በዘመቻው ተሳትፏል። ዘመናዊ ጠመንጃ ከታጠቀው ጦር ጋር የተጋጠመው የካፋ ሠራዊት በአመዛኙ የታጠቀው ጦርና ጋሻ ነበር። ጉድጓዱና ኬላዎቹ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣን ወራሪ ለማገድ የሚመቹ ቢሆኑም ከተለያየ ማዕዘን በአንድ ጊዜ የመጣውን ጦር ሊመልሱ አልቻሉም። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቺ ወደ ደን ገብተው ለወራት ሲከላከሉ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተማረኩ። እ.ኤ.አ. በ1919 በግዞት ሳሉ አርፈዋል። ጦርነቱ በሕዝቡ ላይ ያደረሰው የሕይወትና የንብረት ጥፋት ከባድ ነበር።

የካፋ ነገሥታት ዘውድ የዐፄ ምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ተወስዶ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን በጎበኙበት ወቅት ዘውዱ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። የጎጀብ ወንዝም ዳግመኛ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ስሙ የተነሣው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ነው፤ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ልዑል ራስ እምሩ በምዕራብ ያደረጉት ተጋድሎ የተደመደመው በዚህ ወንዝ ዳርቻ ነበር።

ቅሪቶቹን መለየትና መጠበቅ

የእንጨት አዳራሽ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ግድግዳ አያስቀርም። የሚቀረው የተደለደለ መሬት፣ የአጥር መስመር፣ ያረጀ ዛፍና የቦታ ስም ነው። ጉድጓዱም ከጊዜ ብዛት ሲደረመስ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ይመስላል። ጎርፍ የቆፈረው ቦይ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ ሰው የቆፈረው ጉድጓድ ግን ቁልቁለቱን አቋርጦ ሊሄድ ይችላል። በሁለት ገደሎች ወይም በደንና በወንዝ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የሚዘጋ ቦይ ሲገኝ የጥንት ምሽግ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻዋል። በዚህ ረገድ የአካባቢው ሽማግሌዎች የቃል ምስክርነት ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ የቦታውን ስም የሚያውቅ ሰው ባለፈ ቁጥር ቅርሱን የማወቂያው መንገድም አብሮ ይጠብባል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃውን ለድንጋይ ሕንፃ ብቻ አልወሰነም። በአዋጁ መሠረት ለግንባታ፣ ለመንገድ ሥራ ወይም ለማዕድን ፍለጋ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ያገኘውን ሳይነካ ጠብቆ ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጉድጓድን ለእርሻ ደልድሎ መሙላት ወይም የኬላን ስፍራ ለመንገድ መቁረጥ የፈረሰን ግንብ መልሶ እንደ መካብ በጥገና የሚስተካከል አይደለም፤ አፈር አንዴ ከተገለበጠ የያዘው መረጃ አይመለስም።

ለጎብኚዎች

ጉብኝቱን በቦንጋ ከሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም መጀመር የአካባቢውን ታሪክና ባህል ለመረዳት ይረዳል። ወደ ቅሪቶቹ የሚደረግ ጉዞ በአካባቢው አስጎብኚ መሪነት ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት የገጠር መንገዶች ስለሚጨቀዩ ደረቁ ወቅት ይበልጥ አመቺ ነው። ጎብኚዎች በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከመራመድ፣ ከመቆፈርና ያገኙትን ቁሳቁስ ይዘው ከመሄድ እንዲቆጠቡ፣ አዲስ ቅሪት ያዩ እንደሆነም ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ ይጠበቃል።