የቃኘው ወታደር በቤተሰቡ አፍ

ታሪክ ሲጻፍ ዘመቻው ይጻፋል፤ ዘማቹ ግን ይረሳል። የቃኘውን ታሪክ ያነበብን ሁሉ ይህንን እናውቃለን። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተጭኖ በወሩ መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ተከታዮቹ ሻለቆች በየተራ እየተኩት፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህ እውነት ነው፤ ያኮራልም። ታዲያ ሰውየውስ? ከየት ሄደ፣ ተመልሶስ ምን በልቶ ኖረ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ፍቼ ሄድን። የአንዲት ጓደኛችን የእናት አባት የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነው ኮሪያ ዘምተው፣ ኋላ ፍቼ ገብተው ኖረው እዚያው የተቀበሩ ናቸው። ቤተሰቡ ስማቸው እንዲጻፍ አልወደደም፤ የከተማው ሰው «ባሻ» ይላቸው ስለነበር እኛም ባሻ እንላቸዋለን።

ከቤቱ ያገኘነው የጽሑፍ ማስረጃ ከእፍኝ አይሞላም፦ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ሜዳይና በእንግሊዝኛ የታተመ አንድ የምስክር ወረቀት። የቀረው ሁሉ በአፍ ነው። አፍ ደግሞ የራሱ አቆጣጠር አለው። ዛሬ ራሳቸው አያት የሆኑት ትልቋ ልጃቸው እንዲህ አሉን፦ «እናቴ ዓመተ ምሕረት አታውቅም። ‘አንቺን እርጉዝ ሆኜ ሄደ፤ ዳዴ ስትዪ መጣ’ ነበር የምትለኝ። የተወለድኩት ለሰኔ ሚካኤል ነው።» የልደታቸው ዓመት በሥራ ማኅደራቸው 1943 ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ ባሻ የሄዱት ከሰኔ 12 ቀን 1943 በፊት ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት የሄደው ደግሞ የመጀመሪያው ሻለቃ ብቻ ነው። ወረቀቱ ያልነገረንን የአራስ ቤት ሒሳብ ነገረን።

ሁለተኛው ቋጠሮ «53» የሚለው ቁጥር ነበር። ልጆቹ በሙሉ «አባባ ከጦሩ የወጡት በ53 ነው» ይላሉ። የእንግሊዝኛው ወረቀትም ላይ 1953 የሚል አለ። ነገሩ የገጠመ ይመስላል፤ ግን አይገጥምም። የወረቀቱ 53 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ኮሪያ ላይ ተኩስ የቆመበት፣ በእኛ 1945። የልጆቹ 53 ግን የራሳችን ነው፤ ታኅሣሥ 4 ቀን የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ያስነሡበት። ሁለቱን 53 አንድ ያደረገ ሰው ከባሻ ዕድሜ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ይሰርዛል። ደግሞም ከጦሩ የወጡበትን ምክንያት ያጣዋል። ቃኘው የተመለመለው ከክብር ዘበኛ ነበር፤ ሙከራው በጦር ሠራዊቱና በአየር ኃይሉ በጥቂት ቀናት ሲከሽፍ፣ ትናንት የተሸለመ ወታደር ዛሬ ተጠርጣሪ ሆነ። ትልቋ ልጅ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። «ማታ መጡ፤ ካፖርታቸውን አልለበሱም። እናቴ እግራቸውን አጠበች። ማንም ምንም አልጠየቀም» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ባሻ ወፍጮ ቤት ሚዛን ያዥ ሆኑ። በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኮሪያ ሄደው ቹንቾን ላይ የዘማቾቹ ሐውልት ሲመረቅ፣ ዘማቹ ፍቼ ላይ ጤፍ ይመዝኑ ነበር። ቢሆንም ሜዳዩ ገና ከግድግዳ አልወረደም።

የወረደው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት እንኳ በ1977 የተመረቀው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ተሠርቶ ነው። ያንን ሰሜን የወጋ ሰው ምን ብሎ ይፎክር? ሜዳዩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጎታ ውስጥ ገባ፤ የባሻ ባለቤትም «የኮሪያ ነገር በዚህ ቤት አይነሣም» ብለው ደነገጉ። እስከ 1983 ድረስም አልተነሣም።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን የዚህ ዝምታ ውጤት ነው። የጓደኛችን እናት የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት አባት ሚዛን ያዥ ነው፤ ዝምተኛ፣ ብርድ የማይወድ፣ ራዲዮ ሲከፈት ከቤት የሚወጣ። ትልቋ እኅታቸው የሚያውቁት ደግሞ ሰንጋ የታረደለት፣ ጎረቤት እልል ያለለት ጀግና ነው። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፤ ታሪኩ ግን ሁለት። አንዷም አልዋሹም። እያንዳንዷ የነገረችን የተወለደችበት ዘመን እንድታውቅ የፈቀደላትን ነው።

እንግዲህ የአንድ ባላገር ከተማ ዘማች ሕይወት የሚገኘው ከተወራው ብቻ ሳይሆን ዝም ከተባለውም ነው ማለት ነው። ሜዳዩ መቼ ተሰቀለ፣ መቼ ተደበቀ፣ መቼ እንደገና ወጣ የሚለው ጥያቄ ከየትኛው ኮረብታ ላይ ተዋጋ ከሚለው ያላነሰ ያስተምራል። በኮሪያ ላይ ያለቀው የአንድ ዓመት ዘመቻ ነው፤ ፍቼ ላይ ያለቀው ግን ዕድሜ ነው። ለወደቁት አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ተመልሰው የኖሩት መታሰቢያቸው በልጆቻቸው አፍ ላይ ነው፤ እነዚያ ልጆችም አርጅተዋል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ለፋሲካ በየሀገራችሁ ስትገቡ ከየቤቱ የሚጠየቅ አይጠፋም። ልጆቹን ለየብቻ ጠይቁ እንጂ አንድ ላይ አትሰብስቡ፤ ታላቁ ሲናገር ታናሹ ዝም ይላል። ሴቶቹን አስቀድሙ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ለየትኛው በዓል፣ ማን ሲወለድ?» በሉ። ወረቀት ካገኛችሁም አቆጣጠሩ የማን እንደሆነ ሳትለዩ አትመኑት። ጎታውንም አስከፍቱ።