ወታደራዊ ፖሊስ፦ አመጣጡ፣ አደረጃጀቱና ዜጎች ሊያውቁት የሚገባ

ወታደራዊ ፖሊስ በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ የተደራጀ የሕግ ማስከበሪያ ክፍል ሲሆን፣ ሥልጣኑ በዋናነት የሚያርፈው በሠራዊቱ አባላት ላይ ነው። ከፌዴራል ፖሊስ፣ ከክልል ፖሊስና ከሪፐብሊክ ዘብ የተለየ ነው። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም በተግባር ብዙ ባለጉዳዮች አቤቱታቸውን ላልተገባ አካል በማቅረብ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት እነዚህን አካላት ባለመለየት ነው።

የክፍሉን አስፈላጊነት ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። መደበኛ ሠራዊት ከመቋቋሙ በፊት ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመደበ ቀለቡን ከዚያው ያገኝ ነበር። ጎጃምን ጨምሮ በአብዛኛው የደጋ አገር ለአራሹ ሕዝብ ከጠላት ጦር ባልተናነሰ የሚከብደው የወገን ጦር መስፈር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደመወዝ በመቁረጥ ዝርፊያን ለማስቀረት ሞክረዋል። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1880ዎቹ ገበሬው አሥራት እንዲከፍል በማድረግ ወታደር በየቤቱ የሚሰፍርበትን ልማድ ለማስወገድ ደንግገዋል። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ ዛሬ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚከበረው የመከላከያ ሠራዊት ቀን መነሻም ይኸው ዘመን ነው። ይሁን እንጂ የሠራዊቱ ሥነ ሥርዓት በዚያን ጊዜም በአለቃው ፈቃድና ችሎታ ላይ የተመሠረተ እንጂ ራሱን የቻለ የፍትሕ መዋቅር አልነበረውም።

መዋቅሩ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 የሲቪሉን ፖሊስ ራሱን የቻለ ኃይል አድርጎ አቋቋመ፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የጦር ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 68 ደግሞ ሠራዊቱን በሕግ አደራጀ። በዚህም ሲቪሉን የሚጠብቀው ፖሊስና ወታደሩን የሚቆጣጠረው ሥርዓት በሕግ ተለያዩ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስለ ወታደራዊ ወንጀሎች ራሱን የቻለ ክፍል በመያዙ ልዩነቱ ይበልጥ ጠነከረ።

ይህ ልዩነት የፈረሰበት ጊዜ አለ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባወጣቸው አዋጆች ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶችንና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በማቋቋም ሲቪሎችንም በወታደራዊ ችሎት ፊት አቀረበ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 4 የዳኝነት ሥልጣንን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች የሚነጥቅ፣ በሕግ የተደነገገ ሥርዓት የማይከተል ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም የከለከለው ይህን ታሪክ ይዞ ነው ለማለት ይቻላል። አንቀጽ 87 በበኩሉ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢና ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ነው። የወታደራዊ ፖሊስ የዘወትር ተግባር በካምፕና በአካባቢው ሥነ ሥርዓትን ማስከበር፣ ያለ ፈቃድ የቀሩትንና የከዱትን መፈለግ፣ የፈቃድ ወረቀት መመርመር፣ የጦር ተሽከርካሪዎችን እንቅስቃሴ ማስተባበር፣ ወታደራዊ እስረኞችን መጠበቅና በአባላት ተፈጸመ የተባለን ወንጀል መመርመር ነው። ቀላል የዲሲፕሊን ጥፋት በክፍሉ አዛዥ ደረጃ ያልቃል። ከባዱ ግን የምርመራ መዝገብ ተደራጅቶለት ወደ ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ዐቃቤ ሕጉም ክስ ካቀረበ ጉዳዩን የሚያየው በዕዞች የተደራጀው ቀዳሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በላይ ይግባኝ ሰሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት አለ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የመጨረሻ ውሳኔ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሊታረም ይችላል። ልጃቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው በወታደራዊ ፍርድ ቤት የተከሰሰባቸው ቤተሰቦች በተለይ ይህን የመጨረሻ ደረጃ ባለማወቅ ጉዳያቸውን አቋርጠው ሲተዉ ይታያል።

ወታደር የፈጸመው ወንጀል ሁሉ ወደ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚሄድ አይደለም። ወታደራዊ ፍርድ ቤት በዋናነት የሚያየው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ የተዘረዘሩትን፣ እንደ ክህደትና ያለ ፈቃድ መቅረት ያሉ ወታደራዊ ወንጀሎችንና ከግዳጅ ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን ነው። በጦርነት ጊዜ በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም ግፍ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 270 ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ተጠያቂነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ አብነት እንጥቀስ፦ የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በትግራይ ክልል ያለ ወታደራዊ አስገዳጅነት ሲቪሎችን በመግደል የተጠረጠሩ 28 ወታደሮችና በጾታዊ ጥቃት የተጠረጠሩ 25 ወታደሮች ክስ እንደቀረበባቸው፣ በአስገድዶ መድፈር 3፣ በግድያ ደግሞ 1 ወታደር ጥፋተኛ መባላቸውን አስታውቆ ነበር።

እንግዲህ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ የሚኖር ሰው በሠራዊት አባል በደል ቢደርስበት ወዴት ይሂድ? የመጀመሪያው በር እዚያው ያለው የማቻክል ወረዳ ፖሊስ ነው። ፖሊስ «ተጠርጣሪው ወታደር ነው» በሚል ምክንያት ብቻ አቤቱታ ከመመዝገብ ሊቆጠብ አይገባም፤ ጉዳዩ የወታደራዊ ፍርድ ቤት ሆኖ ከተገኘ ማስተላለፉ የተቋማት ሥራ እንጂ የተበዳዩ ሸክም አይደለም። አቤት ባዩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከተቻለ የተሽከርካሪውን ሰሌዳ ቁጥርና የምስክሮችን ስም ቢይዝ፣ ጉዳት ካለም የሕክምና ማስረጃውን ሳይዘገይ ቢያወጣ መዝገቡ ይጠነክራል። አፋጣኝ ምላሽ ያጣ ሰው በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላላቸው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል።

የተያዘ ማንኛውም ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልልን ሁኔታ ተከትሎ እንደታወጀውና በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወራት እንደተራዘመው ባለ የአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን አይገደብም።

የወንጀል ክሱ ካሣን አይተካም። የጦር መኪና እህል ያወደመበት ወይም ከብት የገጨበት አርሶ አደር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን መሠረት አድርጎ ካሣ መጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በአንቀጽ 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ጊዜውን በተመለከተ ነው፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል፤ የወንጀል ክሱ የይርጋ ጊዜ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ይሠራል።