ልሳን
«ልሳን» በግእዝ በአፍ ውስጥ የሚላወሰውን ሥጋም፣ በእርሱ የሚነገረውንም ቋንቋ በአንድነት የሚጠራ ቃል ሲሆን፣ አማርኛ ግን አንዱን ምላስ፣ ሌላውን ቋንቋ ብሎ ከለያቸው በኋላ፣ ልሳንን ለሊቃውንትና ለጸሎት (የማኅበር ድምፅ የሆነ ጋዜጣም «ልሳን» ይባላልና፣ ለኅትመትም ጭምር) ትቶታል።

ዛሬ «በልሳን ጸለየ» ሲባል የሚታሰበው ሰሚው የማያውቀው ንግግር ነው፤ ነገር ግን በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 2፣ በበዓለ ኀምሳ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት የጳርቴ፣ የሜድና የኢላሜጤ ሰዎች የተደነቁት፣ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ስለ ሰማ ነበር። በቆሮንቶስ ምእመናን ዘንድ የታየው የልሳን ሀብት ግን ተርጓሚ የሚሻ ስለ ነበር፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በጻፈላቸው መልእክት ተናጋሪዎቹ ከ3 እንዳይበልጡ፣ ተርጓሚ ከሌለም በጉባኤ ዝም እንዲሉ አዘዘ። የግሪኩ «ግሎሳ» እንደ ግእዙ ምላስንና ቋንቋን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ የኢየሩሳሌሙንና የቆሮንቶሱን ልሳን የሚለያቸው የየምዕራፉ አገባብ እንጂ ቃሉ አይደለም።