ማጣሪያ

ሰንሻይን በተባለው ሰፈር ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የጨዋማ ውኃ ዓሣ ገንዳ ሊያቆም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ «ማጣሪያ» ነው። ቃሉ ግን ሁለት ሥራ ያደባልቃል። ጠጅ በጨርቅ ሲጠለል አተላው ይቀራል፤ ስፖንጁም የሚሠራው ይህንኑ ማጥለል ነው። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ግን ውኃው ውስጥ የሟሟ መርዝ ስለሆነ ስፖንጅ አይይዘውም። እሱን ድንጋይና አሸዋ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ማጣራት ማለት ለእኔ ይኸኛው ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል፤ ችኩል ሰው ዓሣ የሚቀብረውም ያኔ ነው። ቆሻሻን በአየር አረፋ ወደ ላይ ለሚያወጣው «ፕሮቲን ስኪመር» ደግሞ «መግፈፍ» የሚለው ቃላችን ልክክ ይላል።

«ማጣራት» መመርመርም ነውና ወለሉም ይጣራ፦ 400 ሊትር የባሕር ውኃ፣ 14 ኪሎ ያህል ጨው ይዞ፣ ያለ መስተዋቱና ያለ ማቆሚያው ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሰፈሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ በአጫጭር ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸውና ወለሉ ይህን ክብደት መሸከሙ ይረጋገጥ። የቧንቧው ውኃም ይጣራ፦ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪኑም ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል።