ቁንጫ፦ ምንነቷ፣ ከእሷ ጋር የሚምታቱ ስሞችና ጥንቃቄው

ቁንጫ ክንፍ የሌላት፣ ጎንና ጎኗ የተጨፈለቀ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ደም መጣጭ ተባይ ናት። በግዕዝ ቍንጽ ትባላለች። በመጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት በሳኦል ፊት ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ከሞተ ውሻና ከቁንጫ ጋር ያነጻጽራል፤ ስሟ ከጥንትም የትንሽነት ምሳሌ ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግን አልጋ ላይ የነከሰንን ሁሉ «ቁንጫ» እንላለን። ሊነኳት ሲሉ ዘልላ የምትሰወረው ቁንጫ ናት። ትኋን አይዘልም፤ ቀን በፍራሽና በአልጋ ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ይወጣል። የሰውነት ቅማል ደግሞ በልብስ ስፌት ውስጥ ይኖራል። ትኩሳት ይዞዎት ሐኪም ዘንድ ከሄዱ የትኛውን እንዳዩ ይናገሩ። ቅማል ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል፤ የአይጥ ቁንጫ ሌላ ዓይነት ተስቦ፣ በአንዳንድ አገሮችም ቸነፈር ታስተላልፋለች። ትኋን በሽታ ማስተላለፉ አልተረጋገጠም፤ እንቅልፍ መንሳቱ ግን ያው ነው።

ሙጀሌም ራሷ የቁንጫ ዓይነት ናት። ሴቷ የእግር ጣት ቆዳ ውስጥ ገብታ በእንቁላል ትነፋለች፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ይታያል። በእሾህ ወይም ለብዙ ሰው በሚያገለግል መርፌ ማውጣት ቁስሉን ያመረቅዛል፣ ለመንጋጋ ቆልፍም ያጋልጣል። ጤና ጣቢያ ቢያስወጧት ይሻላል። «የአሸዋ ቁንጫ» የምትባለው ይህችው ናት። ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሌላ ነው፤ ይበርራል።

ቁንጫ የነከሰችው ቦታ ብዙውን ጊዜ ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ሰብሰብ ያሉ፣ የሚያሳክኩ ቀያይ ነጥቦች ይሆናል። በሳሙና ይጠቡት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት፣ አይከኩት።

ለወራት ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፍቱ ቁንጫ የሚወርድብዎት ለምን ይመስልዎታል? እጮቿ በወለል ስንጥቅና በአቧራ ውስጥ ያድጋሉ፤ ከዚያ በድር ተጠቅልለው ይቆዩና የእግር ንዝረትና የሰውነት ሙቀት ሲሰማቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ያዩዋትን መግደል ብቻ አይበቃም። ወለሉን ደጋግመው ይጥረጉ፣ አንሶላና ብርድ ልብሱን በሙቅ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ ውሻና ድመትዎን የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት ያሳክሙ። ይህን ለሳምንታት መቀጠል ያስፈልጋል።

አጥብቀን የምንነግርዎ ግን ይህን ነው፦ ለሰብል ወይም ለጎተራ የተገዛ ፀረ ተባይ መኝታ ላይ፣ ልብስ ላይ ወይም የልጅ ፀጉር ላይ ፈጽሞ አይርጩ። ከቁንጫዋ ይልቅ መድኃኒቱ ሊገድል ይችላል። ከተረጨ በኋላ አንድ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ካስታወከ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፣ የተበከለውን ልብስ አውልቀው ገላውን በውኃና ሳሙና ያጥቡት፤ እጅዎን በጓንት ወይም በፌስታል ይሸፍኑ። ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዘው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።